ስለ ባሕር ነፋስና ስለ ዓሣ ሀብት

የባሕር ሀብት እንደ ባሕሩ ስፋት በየስፍራው እኩል የተዘረጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዓለም ከሚጠመደው የባሕር ዓሣ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚያህለው የሚገኘው፤ ከውቅያኖስ ስፋት እጅግ ጥቂቱን ብቻ ከያዙት ዳርቻዎች ነው። ከእነዚህም አንዱ በደቡብ አሜሪካ ያለው የፔሩ ዳርቻ ነው።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በዚያ የሚነፍሰው ነፋስ ከምድር መዞር ጋራ ተባብሮ የላይኛውን ውሃ ከየብስ ያርቀዋል፤ በፈንታውም ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ውሃ ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉትን፤ ለዕፅ ማዳበሪያ የሚሆኑትን ጨዎች ይዞ ስለሚመጣ፤ ደቃቃን የባሕር ዕፀዋት ይበዛሉ። በእነዚሁና እነርሱን በሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣ ይመገባል፤ በዓሣውም የባሕር ወፎችና ሰዎች ይኖራሉ።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. የፔሩ አጥማጆች ከ12 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አንቾቬታ አወጡ። በ1972 ግን ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር ሙቀት ደረሰ፤ ዓሣውም አስቀድሞ ያለ ልክ ተጠምዶ ስለ ነበረ፤ የ1973 ምርት ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ።

የዓለም አየር መሞቅ በዚህ ሀብት ላይ ምን ያመጣል? አንድሩ ባኩን የተባሉት ሊቅ በ1990፤ የብስ ከባሕር ፈጥኖ ስለሚሞቅ የዳርቻው ነፋስ ይበረታል፤ የጥልቁም ውሃ አብዝቶ ይወጣል ሲሉ ጻፉ። ይህን የሰማ ሰው፤ እንግዲያስ ዓሣው ይበዛል ይል ይሆናል። ነገር ግን የላይኛው ውሃ በሞቀ መጠን ከታችኛው ጋራ መቀላቀሉ ይከብዳል፤ ከጥልቁ የሚወጣውም ውሃ ኦክሲጅኑ ያነሰ፤ አሲድነቱ የበዛ ነው፤ ነፋሱም ከልክ ሲያልፍ የዓሣውን ጫጩት ከምግቡ ስፍራ ያርቀዋል። ስለዚህ የነፋስ መበርታት ብቻውን የበረከት ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ባሕሩን ዓመት ከዓመት መመርመርና መለካት ያስፈልጋል።

ምርመራም የሚጠቅመው ሹማምንት ሲሰሙት ነው። በ2023 ባሕሩ እንደ ገና በሞቀ ጊዜ፤ መርማሪዎች ያልደረሱ ዓሦች መብዛታቸውን ስላረጋገጡ፤ የፔሩ መንግሥት በሰሜንና በመካከለኛው ዳርቻ የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወራት ዘጋ። ጀልባዎች ቆሙ፤ ሠራተኛውም ተጐዳ። በ2024 ግን በዚያው ወራት ከ2 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ እንዲጠመድ ተፈቀደ። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለዚህ ያለ ነገር ነው፤ በጊዜው የተከለከለ ጥቂት ትርፍ፤ ሀብቱን ከነሥሩ ከመጥፋት ያድነዋልና።