ስልጠናው ማሳ ላይ ደርሷል ወይ? የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራን የመከታተልና የመገምገም ዘዴ



በአካባቢያችን በየዓመቱ ብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይሠራል። በቀበሌ ስብሰባ፣ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል፣ በመስክ ቀንና በተፋሰስ ሥራ ወቅት ስለ ኮምፖስት፣ ስለ እርከን፣ ስለ ልቅ ግጦሽና ስለ ዘር አያያዝ ምክር ይሰጣል። ስብሰባው ሲያበቃ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል ተብሎ የተሰብሳቢው ቁጥር ይመዘገብና ለወረዳ ይላካል። ቁጥሩ ስብሰባው መካሄዱን ይናገራል። ከስብሰባው በኋላ ማሳ ላይ ምን እንደተለወጠ ግን አይናገርም።

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» እንላለን። መልካም አባባል ነው፤ ነገር ግን የሰማ ሁሉ ሠርቷል፣ የሠራ ሁሉም ተጠቅሟል ማለት አይደለም። ይህ ጽሑፍ አንድ ሞዴል አርሶ አደር በልማት ቡድኑና በ1 ለ 5 አደረጃጀቱ ውስጥ ሆኖ፣ የተሰጠው ስልጠና ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን በቀላል መንገድ እንዴት እንደሚያረጋግጥ ያስረዳል።

1. መለካት ለምን ያስፈልጋል?

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። ማሳው ጠባብ፣ አፈሩ የተጎዳ፣ ዝናቡም የማያስተማምን በሆነበት ቦታ አንድ የተሳሳተ ወይም በግማሽ የተተገበረ ምክር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ መለካት ሪፖርት ለማሳመር የሚደረግ ሥራ አይደለም። ትክክል ያልሆነ ሪፖርት ሦስት ጉዳት ያመጣል።

አንደኛ፣ «ሁሉም ተቀብለው ተግብረዋል» ተብሎ ከተጻፈ ያልሠሩት ለምን እንዳልሠሩ የሚጠይቅ አይኖርም። ችግሩ ሳይፈታ በዓመቱ ያው ስልጠና ይደገማል።

ሁለተኛ፣ የዘርና የሌላ ግብዓት ዕቅድ ከታች በሚሄደው ቁጥር ላይ ይመሠረታል። ቁጥሩ ከተሳሳተ የማይፈለገው ይመጣል፤ የሚፈለገው ይቀራል።

ሦስተኛ፣ አንድ ቤተሰብ ከሴፍቲኔት የሚመረቀው ያፈራው ጥሪት ታይቶ ነው። በወረቀት ላይ ያደገ፣ በጎተራው ግን ያላደገ ቤተሰብ ድጋፉን ያለጊዜው ሊያጣ ይችላል።

2. ክትትልና ግምገማ ምንና ምን ናቸው?

ሁለቱን ሥራዎች ከእርሻችን እንወቃቸው። ዘር ከተዘራ በኋላ ወደ ማሳ እየተመላለሳችሁ ብቅለቱን፣ አረሙንና ተባዩን ታያላችሁ፤ ጉድለት ካለ ጊዜው ሳያልፍ ታስተካክላላችሁ። ይህ ክትትል ነው። ምርቱ ተወቅቶ ሲሰፈር ደግሞ «የዘንድሮው ድካም ምን አስገኘ? ከአምናው በምን ተሻለ? ለከርሞስ ምን ልለውጥ?» ትላላችሁ። ይህ ግምገማ ነው። ክትትል የሌለው ግምገማ ዘግይቶ የመጣ ሐዘን ነው፤ ግምገማ የሌለው ክትትልም ትምህርት ሳይገኝበት ይቀራል።

3. የለውጥ አምስት ደረጃዎች

ስልጠና የወሰደ ሰው አምስት ደረጃዎችን ያልፋል።

ሀ. ሰማ፡ ስልጠናው ላይ ተገኝቷል።
ለ. አወቀ፡ የተባለውን በራሱ አንደበት ማስረዳት ይችላል።
ሐ. ሞከረ፡ በማሳው ወይም በጓሮው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሠርቶታል።
መ. ቀጠለ፡ ማንም ሳይቀሰቅሰው በቀጣዩ ዓመትም ሠርቶታል።
ሠ. ጠቀመው፡ በምርቱ፣ በገቢው ወይም በድካሙ ላይ የሚታይ ለውጥ አግኝቷል።

አብዛኛው ሪፖርታችን «ሰማ» ላይ ይቆማል። የሞዴል አርሶ አደር ትልቁ አስተዋጽኦ ቀሪዎቹን አራት ደረጃዎች ማየት መቻሉ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚያገለግለው ብዙ ጎጥ ነው፤ እናንተ ግን የጎረቤታችሁን ማሳ በየቀኑ ታዩታላችሁ።

4. ካለፈው የምንማረው

በአገራችን የልማት ሥራ ታሪክ ሦስት ትምህርቶች እናገኛለን።

የመጀመሪያው ከአርሲ ነው። በ1959 ዓ.ም በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውና ካዱ በመባል የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እንደ እናንተ ባሉ ሞዴል አርሶ አደሮች አማካይነት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስተዋወቀ። ምርት ጨመረ። ነገር ግን እርሻ ትርፍ እንደሚያመጣ ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። በኩንታል ብቻ ቢለካ ሥራው የተዋጣለት ይመስል ነበር። ስለዚህ «ምን ያህል ጨመረ?» ከማለት ጋር «ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ከተሠራው እርከን ነው። ሥራው የሚመዘነው በተሠራው እርከን ኪሎ ሜትርና በተተከለው ችግኝ ብዛት ነበር። አርሶ አደሩ የእኔ ነው ማለቱን ያ መለኪያ አላሳየም። በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ተከልሎ የነበረው ተራራ ለግጦሽና ለማገዶ ዋለ። ዛሬም በዘመቻ የተሠራን እርከን ስንገመግም «ስንት ሜትር ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ከሁለት ክረምት በኋላ ስንት ሜትሩ ቆሟል? ከብት ያፈረሰውን ማን ጠገነው?» ማለት አለብን።

ሦስተኛው ከጎጃም ነው። በደምበጫ አቅራቢያ በምትገኘው አንጄኒ በ1976 ዓ.ም የአፈርና ውኃ ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ይለካ ጀመር። አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት ፋንያ ጁ እርከን የተሠራው ከዚያ በኋላ በ1978 ዓ.ም ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ተመዝግቦ ስለነበር የበፊቱንና የኋላውን ማነጻጸር ተቻለ። መነሻው ያልታወቀ ለውጥ አይለካም።

5. ምሳሌ፡ በዘር ድንች አያያዝ ላይ የተሰጠ ስልጠና

በደጋው ቀበሌ ስለ ዘር ድንች ስልጠና ተሰጠ እንበል። ሦስት ምክሮች ተሰጥተዋል። አንደኛው፣ ድንቹ አበባ ሲይዝ ጤናማና ጠንካራ ተክሎችን በእንጨት ምልክት አድርጎ ለዘር መለየት ነው፤ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይቻልምና። ሁለተኛው፣ ትልልቁን ሸጦና በልቶ የተረፈውን ደቃቅ ለዘር ማስቀመጥን መተው ነው፤ ደቃቁ ብዙ ጊዜ የታመመ ተክል ፍሬ ይሆናል፤ በሽታውንም ወደ ከርሞ ያሻግራል። ሦስተኛው፣ ዘሩን በጨለማ ጉድጓድ ወይም በጆንያ ሳይሆን አየርና ቀጥታ ፀሐይ ያልሆነ ብርሃን በሚያገኝበት የመደርደሪያ ማከማቻ ማቆየት ነው። እንዲህ የተያዘ ዘር አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጎንቁል ያወጣል፤ በጨለማ የቆየው ረጅም፣ ቀጭንና ነጭ ያወጣል። አረንጓዴ የሆነው ድንች ግን ለዘር እንጂ ለምግብ አይውልም።

ክትትሉና ግምገማው እንደሚከተለው ይካሄዳል።

መነሻውን መመዝገብ። ከስልጠናው በፊት ወይም በዚያው ሳምንት የቡድኑ አባላት ዘራቸውን እንዴት እንደሚመርጡ፣ የት እንደሚያስቀምጡ፣ አምና ከአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል እንዳገኙ ይጻፍ።

በዓይን የሚታይ ምልክት መምረጥ። «ግንዛቤው አድጓል» የሚለው አይታይም። «በማሳው ምልክት የተደረገባቸው ተክሎች አሉ»፣ «የመደርደሪያ ማከማቻ ተሠርቷል»፣ «ጎንቁሉ አጭርና አረንጓዴ ነው» የሚሉት ግን ይታያሉ። ለአንድ ስልጠና ከሦስት እስከ አምስት ምልክት ይበቃል።

ወቅቱን ጠብቆ መጎብኘት። ምርጫውን አበባ ሲይዝ፣ ማከማቻውን ዘር ከገባ በኋላ፣ ጎንቁሉን ከተከላ በፊት ማየት ነው። ወቅቱ ካለፈ የሚገኘው ወሬ ብቻ ነው።

ምርቱን በትክክል መለካት። በማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ተለክቶ፣ የተገኘው ምርት ብቻውን ይመዘን። ይህ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር 625 እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። ስለዚህ የተመዘነው ኪሎ በ6.25 ሲባዛ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይሰጣል። 32 ኪሎ ከተገኘ 200 ኩንታል በሄክታር ነው፤ ጥማዱን ሩብ ሄክታር ካልን 50 ኩንታል በጥማድ ማለት ነው። ቦታው ዳር ላይ ወይም ያማረው ጋ አይመረጥ፤ ከማሳው ጥግ ስንት እርምጃ ተገብቶ እንደሚለካ ማሳው ሳይታይ አስቀድሞ ይወሰን።

ከጎረቤት ጋር ማነጻጸር። በዚያው ጎጥ፣ በተመሳሳይ አፈር፣ ያልሠለጠኑ ጥቂት ጎረቤቶች ይመረጡ። ለምሳሌ የሠለጠኑት በሄክታር ከ160 ወደ 200 ኩንታል፣ ያልሠለጠኑት ከ160 ወደ 185 ኩንታል ከፍ ቢሉ፣ ከ40ው ኩንታል ጭማሪ 25ቱን የሰጠው ዓመቱ ነው። የስልጠናው ድርሻ 15 ኩንታል ተብሎ ይገመታል። ጎረቤት ባይታይ ኖሮ የዝናቡ ውለታ ለስልጠናው ይቆጠር ነበር። የጉና ግርጌን ማሳ ከስማዳ ቆላ ጋር ማነጻጸር ግን አይገባም።

6. ቁጥሩን ማንበብ

25 አባላት ባሉት አንድ የልማት ቡድን የሚከተለው ተመዘገበ እንበል፦ 22 ስልጠናው ላይ ተገኙ፤ 18 በትክክል ማስረዳት ቻሉ፤ 14 ማሳቸው ላይ ምልክት አደረጉ፤ 4 ማከማቻ ሠሩ።

ትልቁ ጉድለት ያለው የት ነው? የመጨረሻው ላይ ነው። ሰዎቹ ያውቃሉ፤ ምርጫውንም ሞክረዋል፤ ማከማቻው ግን አልተሠራም። መድኃኒቱ ሌላ ስብሰባ አይደለም። ምናልባት እንጨት ጠፍቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሥራው ከአጨዳ ጋር ተጋጭቶ ይሆናል። ለአምስት ቤት አንድ የጋራ ማከማቻ በደቦ መሥራት ይቻል እንደሆነ መመካከር ይጠቅማል። በአንጻሩ ከ22 ተሳታፊዎች ማስረዳት የቻሉት 6 ብቻ ቢሆኑ ጉድለቱ በስልጠናው አሰጣጥ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ በማሳ ላይ በተግባር ማሳየት ያስፈልጋል።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። በብዙ ቤት ስብሰባ የሚሄደው አባወራው ነው፤ ዘሩን የምትለየውና የምታስቀምጠው ግን ባለቤቱ ናት። የሰማው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ከሆነ ምክሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡ «ማን ሠለጠነ? ሥራውን የሚሠራውስ ማን ነው?» የሚል ይኑረው።

7. አጠያየቅ

«የተባለውን ሠርተዋል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ እንግዳን ላለማሳፈር ወይም ከድጋፍ ላለመውጣት ሲል «አዎ» ሊል ይችላል። ይልቁንም «የዘር ድንችዎን የት እንዳስቀመጡት ያሳዩኝ»፣ «ዘንድሮ ምን ለወጡ? ምንስ አስቸገረዎት?» ማለት እውነቱን ያወጣል።

ያልሠራውን ሰው በስብሰባ መካከል ማሳፈር አይገባም። ባለፈው ያፈረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይዋሻል፤ መዝገቡም ይበላሻል። ሞክሮ የተወ ሰው በተለይ ይደመጥ፤ ምክሩ ለዚያ አፈር ወይም ለዚያ አቅም የማይመች መሆኑን የሚያሳውቀን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

8. ከዚህ ስልጠና በኋላ የምትሠሩት

ለዚህ የምርት ወቅት አንድ ስልጠና ብቻ ምረጡ። በአንድ ደብተር ላይ የቡድኑን አባላት ስም በቁመት፣ አምስቱን ደረጃዎች በአግድም ጻፉ። ለሠራው ምልክት አድርጉ፤ ላልሠራው ክፍት ተዉና ምክንያቱን አጠገቡ በአጭሩ አስፍሩ። ማንበብ የማይችል ካለ በድንጋይ ወይም በባቄላ ፍሬ መቁጠርም ይቻላል።

ወቅቱ ሲያበቃ ደብተሩን ይዛችሁ ከቡድኑ አባላትና ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ሦስት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፦ ምን ተለወጠ? ያልተለወጠው ለምን ቀረ? ለከርሞ ምን እንቀጥል፣ ምንስ እንተው? መልሱ ለወረዳ ከመላኩ በፊት ለቡድኑ ይነበብ፤ ቁጥሩ የእነርሱ ነውና ማረም የሚችሉትም እነርሱ ናቸው።

ከ25 ቤት 4 ብቻ ሠርተው ከሆነ 4 ብላችሁ ጻፉ። ከእውነተኛ 4 ተነስቶ በሚቀጥለው ዓመት 10 መድረስ ይቻላል። ከሐሰት 25 ተነስቶ ግን የሚኬድበት ቦታ የለም።