መኮንኑን ማን ይመዝነው?

በአፍንጮ በር አድርጋችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ የየካቲት 12ን ሐውልት ታገኛላችሁ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስት ከረሸናቸው ወጣቶች መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ይገኙበታል።

ሆለታ በ1927 ሲከፈት አስተማሪዎቹ ስዊድናውያን ነበሩ። ተማሪዎቹ ባብዛኛው ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው፤ አንዱ አራት ኪሎ፣ ሌላው ስድስት ኪሎ፣ ሁለቱም ከአፍንጮ በር በእግር የሚደረስባቸው። ቀለም የቆጠሩ ልጆች ናቸው። ቀለም መቁጠር ግን ስለ ሰው ጠባይ ብዙ አይነግርም። ደግሞም ትምህርታቸውን በቅጡ ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ።

ዋናው ፈተና የመጣው አለቃ ሲጠፋ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን ገባ። ዩኒፎርም አውልቆ ቤት መግባት ይቻል ነበር እኮ! ከነዚህ ልጆች የተወሰኑት ግን ወለጋ ወርደው፣ ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው «ጥቁር አንበሳ»ን መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበር።

ያወጡት ደንብ ነው የሚገርመው። ጦሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፤ ምርኮኛ በሰብአዊነት ይያዛል፤ ገበሬውን ማንገላታት ክልክል ነው። የመጨረሻዋን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩዋት። ዘማች ከባላገር ጎተራ መብላቱ ልማድ በነበረበት አገር፣ ስንቅ የሌለው፣ የራበው፣ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ነው ይህን በራሱ ላይ የጻፈው።

ደንቡ መልአክ አላደረጋቸውም። ሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ በአውሮፕላን ያረፉትን ጣሊያኖች ሌሊት ከበው ገደሉ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከሟቾቹ አንዱ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማልዮኮ ነበር። ለእኔ ጀግንነት ነው። ግን መማረክ ይቻል ነበር ወይ? ጥሩ የጦር ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አቅርቦ ዕጩ መኮንኖቹን ያከራክራል ብዬ አስባለሁ። ጠባይ በስብከት ሲታነጽ አላየሁም።

በዘመናችን ይህን ለመለካት የሞከሩ አሉ። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2020 የሻለቃ ጦር አዛዥ ሲመርጥ የአለቃን ሪፖርት ብቻ አላየም። አብረውት የሠሩት፣ በሥሩ ያገለገሉትም ተጠየቁ። ቃለ መጠይቁ ደግሞ በመጋረጃ ነበር፤ ቁመናና መልክ ዳኞቹን እንዳያታልል።

መጋረጃውን ወድጄዋለሁ። እኔ ብሆን ግን መኮንኑ ጦሩን ይዞ ያደረበትን መንደር ሰውም እጠይቅ ነበር። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ጠዋት ምን ከፍሎ እንደሄደ የሚያውቀው እሱ ነው።