ተኳሹም ደንበኛ ነው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ከፍሎ መዝናናት ለሚፈልግ ሰው ጂሙም፣ ፑል ቤቱም፣ ጌም ዞኑም አለለት። በእነዚህ ቤቶች አስተናጋጅ ደንበኛን ቢያመናጭቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አይስተውም። ኢላማ ተኩስ የሚለማመድ ሰው ግን ነገሩ ይምታታበታል። እዚያ ጥብቅነት የአገልግሎቱ አካል ነው። ስለዚህ የተጮኸበት ደንበኛ ደንብ ይሁን ንቀት ሳይለይለት ሆድ ይፍጀው ብሎ ይወጣል። ይህን ለመለየት የኢላማ ቤትን ሥርዓትና የሸማቹን ሕግ ጎን ለጎን ማወቅ ይበጃል።

መጀመሪያ ሥርዓቱን እንመልከት። በአገራችን የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። በስፖርቱ ዓለም ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአየር ጠመንጃ ነው። የታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ትንሽ ጥይት ገፍቶ ያስወጣል። በዓለም አቀፉ ውድድር ተኳሹ ከኢላማው 10 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው የመሐሉ ነቁጥ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ውድድሩ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነበር። መሣሪያው መጫወቻ ቢመስልም ዓይን ያጠፋል።

በዚህ የተነሳ ደንቡ በየትም አገር ተመሳሳይ ነው። አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ ኢላማው ይዞራል። ለመተኮስ እስኪዘጋጁ ድረስ ጣት ምላጩን አይነካም። «ተኩስ አቁም» ሲባል ሁሉም መሣሪያውን ያስቀምጣል፤ የተኩስ ቦታው ኃላፊ ሳይፈቅድ ወደ ኢላማው የሚራመድ የለም። አንድ ጀማሪ ጓደኛው ሲጠራው ጠመንጃውን እንደያዘ ዞር ቢልና ኃላፊው «አፈሙዙን መልስ!» ብሎ ቢጮህበት፣ ያ ጩኸት ሰው ያድናል። እዚያ ቅጽበት ላይ «እባክዎ ጌታዬ» የሚባልበት ጊዜ የለም። መሣሪያው ከተቀመጠ በኋላ ግን ያው ኃላፊ «አንተን ብሎ ተኳሽ!» እያለ በሰው ፊት ቢያላግጥበት፣ ከደህንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ትእዛዝ ድርጊቱን ያርማል፤ ስድብ ሰውየውን ይነካል።

ይህን ልዩነት ሕጉም ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብት በአንቀጽ 14 ይዘረዝራል። ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት፣ አማርጦ መግዛት፣ አማራጭ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ግዛ አለመባል ይገኙበታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ አለ፦ ነጋዴ ደንበኛውን በትህትናና በአክብሮት ማስተናገድ አለበት፤ ሸማቹም ከስድብ፣ ከዛቻ፣ ከማሸማቀቅና ከስም ማጥፋት ይጠበቃል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጥቅስ ባለሱቁ በፈቃዱ ይለጥፈዋል፤ አክብሮቱ ግን ግዴታው ነው።

አዋጁ ገንዘቡንም አልዘነጋም። የተገዛው አገልግሎት ጉድለት ካለበት፣ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ አዋጅ አይሻርም። ዋጋም በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ስለዚህ ከመክፈል በፊት ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በጥይት ብዛት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ኪራይ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ የድርጅቱን ስም፣ ቲን ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል። በተለይ ሰዓቱ ብዙ ይናገራል፤ መቼ ከፍለው መቼ ተራ እንደደረሰዎት ያሳያልና። አጻጻፉም ወሳኝ ነው። «ሠራተኛው ባለጌ ነው» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያንቀሳቅስም። «ለ30 ደቂቃ ከፍዬ በ12ኛው ደቂቃ እንድወጣ ተደረግሁ፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ተሰደብሁ፤ የቀረው ገንዘብ አልተመለሰልኝም» የሚለው ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የሚንኳኳው በር እንደ ባለቤቱ ይለያያል። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን ማናገር ነው፤ ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል። የግል ድርጅት ሆኖ እምቢ ካለ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይኬዳል። በፌዴራል ደረጃ የቀድሞው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥት ተቋም ከሆነ አቤቱታው ለራሱ ለቅሬታ ሰሚው ይቀርባል፤ እዚያ ካልተፈታ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። መሣሪያ ተደግኖ ዛቻ ከተፈጸመ ግን ጉዳዩ ከመስተንግዶ አልፎ ወንጀል ሆኗልና በቀጥታ ለፖሊስ ነው።

አቤት ባይም በበኩሉ ማስተዋል ያለበት ነገር አለ። መነጽር አላደርግም ብሎ የተመለሰ፣ ወይም ጠጥቶ መጥቶ መሣሪያ የተከለከለ ሰው አልተበደለም። እንዲህ ያለውን ደንበኛ እሺ ብሎ የሚያስገባ ቤት ካለ፣ አቤቱታ የሚገባው እሱ ላይ ነው።