ያልተመዘገበ ሕመም፣ ያልታዘዘ መድኃኒት፤ የጎልማሶች የትኩረት ማነስ ችግር፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የጤና መድን ከጋምቤላ ሲታይ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር)



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ መጣ። በተማሪነቱ ዘመን አእምሮው ፈጣን ነበር፤ ዳሩ ግን የጀመረውን ከዳር የማድረስ ነገር አይሆንለትም ነበር። ተመርቆ እዚሁ ከተማ በመንግሥት ሥራ ከተቀጠረ በኋላም ያው ችግር ተከተለው። ሪፖርት ይዘገይበታል፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ መጨረስ ይከብደዋል፤ ሁለት ጊዜም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ በሥነ አእምሮ ሐኪም ተመረመረና የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ እንዳለበት ተነገረው። የአንድ ወር ክኒን ይዞ ተመለሰ። ክኒኑ ሲያልቅ የከተማውን መድኃኒት ቤቶች ዞረ። «መምህር፣ አንዱ የለም አለኝ፤ ሌላው ስሙንም ሰምቶት አያውቅም፤ ሦስተኛው ግን ማዘዣውን አይቶ እንደ ሱሰኛ ተመለከተኝ» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ወጣት በሽታውን አልደበቀም። ተናገረ፣ ተመረመረ፣ ማዘዣም ተቀበለ፤ መድኃኒቱን ግን አላገኘም። የዛሬው ንግግሬ ይህ ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት የታሰበ ነው። በሽተኛውና መድኃኒቱ እንዲገናኙ ሦስት በሮች መከፈት አለባቸው፤ እነርሱም የሕግ፣ የአቅርቦትና የመድን በሮች ናቸው። አስቀድመን ግን ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ችግር የልጆች ቅብጥብጥነት ብቻ አድርጎ ያየዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ መሠረት ግን ችግሩ በጎልማሶችም ላይ የሚታወቅ ነው። መመሪያው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ እንዲሆኑ፣ ቢያንስ በሁለት የኑሮ መስኮች፣ ለምሳሌ በቤትና በሥራ፣ እንዲታዩና ኑሮን በግልጽ እንዲያውኩ ይጠይቃል። በልጆች ላይ ስድስት ምልክቶች ሲፈለጉ ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው አምስት ይበቃሉ፤ ምክንያቱም ከዕድሜ ጋር መሯሯጡ ይቀንስና የውስጥ መቁነጥነጡ፣ መርሳቱና ሥራን በቅደም ተከተል ማስኬድ አለመቻሉ ይቀራል። የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ግምገማ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ጎልማሳነት የዘለቀው ችግር ከመቶ ጎልማሶች በ2.6 ያህሉ ላይ እንደሚገኝ ገምቷል።

ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በጋምቤላ ሕዝብ ማባዛት አይገባም። እዚህ ትኩረትን የሚበትን ምክንያት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በኩሌ፣ በትርኪዲ፣ በንጉኝኤልና በጀዊ መጠለያዎች የሠፈሩ ሰዎች መካከል እንቅልፍ ያጣና ሐሳቡ የሚበታተንበት ሰው ቢገኝ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደረሰበት መከራ ያስከተለው የአእምሮ ቁስል ነው። ድብርት፣ ተደጋጋሚ ወባና የእንቅልፍ እጦትም ተመሳሳይ ገጽታ አላቸው። ስለዚህ ምርመራው የልጅነት ታሪክን ከሰውየውና ከቤተሰቡ በጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ በአኙዋ፣ በኑዌር ወይም በመዠንግ ቋንቋም በትክክል የሚነጋገር ባለሙያ ይፈልጋል። መጠይቅ ብቻውን ምርመራ አይሆንም።

የመጀመሪያው በር፤ ሕግ

ለዚህ ችግር በስፋት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራ መድኃኒት ነው። አነቃቂ በመሆኑና ያለ አግባብ ሊወሰድ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ተመድቧል። ይህ ማለት አስመጪው ለእያንዳንዱ ጭነት የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ላኪው አገርም የመላኪያ ፈቃድ ይሰጣል፤ አገሪቱ በዓመት የሚያስፈልጋትን መጠን አስቀድማ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ታሳውቃለች። በአገራችን የዚህ ቁጥጥር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሕጋዊ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። መድኃኒቱ በልዩ ማዘዣ ይታዘዛል፣ በቁልፍ ይቀመጣል፣ በመዝገብ ይወጣል።

ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ እንግዳ ነገር ልብ እንበል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ቅርብ ዘመድ ነው፤ በዚያው ስምምነት ይበልጥ በጠበቀው በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ቅጠሉ ራሱ ግን በስምምነቱ ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። «ሐሳቤን ይሰበስብልኛል» ብሎ የሚቅም ጎልማሳ ሁላችንም እናውቃለን። ከእነዚህ መካከል ምርመራ ያላገኘ የትኩረት ችግር ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል። ጫት መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የነጋውን ትኩረት ጭምር ይበላል። ሆኖም በቁልፍ የተዘጋውን የሚያጣ ሰው በጉሊት ወደሚገኘው ማዘንበሉ አይገርምም።

ሁለተኛው በር፤ አቅርቦት

የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያገኙት በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ጋምቤላም ቅርንጫፍ ስላለው ችግሩ መጋዘን ማጣት አይደለም። አሠራሩን እንመልከት። ጤና ተቋሙ በየሁለት ወሩ ምን ያህል እንደተጠቀመ፣ ምን ያህል እንደቀረውና ምን ያህል እንደሚፈልግ ሞልቶ ይልካል። የወደፊቱ ፍላጎት በአመዛኙ ካለፈው ፍጆታ ይሰላል።

ይህ ለወባ መድኃኒት ጥሩ ሥርዓት ነው። ለማይታወቅ ሕመም ግን አዙሪት ይፈጥራል። መድኃኒቱ ስለሌለ ሐኪሙ አያዝም፤ ስላልታዘዘ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል፤ ፍጆታው ዜሮ ስለሆነ ጥያቄ አይቀርብም፤ ጥያቄ ስላልቀረበ መድኃኒቱ አይመጣም። ተማሪዎቼ፣ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። በቅጹ ላይ የተጻፈው ዜሮ «በሽተኛ የለም» ማለት አይደለም፤ «አልጠየቅንም» ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ያን ወጣት «የለም» ብሎ ሲሸኘው የጠየቀውን መድኃኒት ስም በመዝገብ አላሰፈረም። በዚያች ቅጽበት አንድ ማስረጃ ጠፋ።

በዚህ ላይ ሌሎች ምክንያቶች ይጨመራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ሜቲልፌኒዴት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 የቀረቡለትን ጥያቄዎች የማስረጃውን ጥራት አጠያይቆ አልተቀበላቸውም። አገሮች የራሳቸውን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ወደዚያ ሰነድ ስለሚመለከቱ ውሳኔው ክብደት አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው መንገድ፣ የክረምቱ የባሮ ሙላት፣ በበጋም ወደ አርባ ዲግሪ የሚጠጋው ሙቀት በክኒን አያያዝ ላይ የሚያሳድረው ጫና ሌላው ነው።

እጥረት የድኃ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አደራል የተባለው የአምፌታሚን መድኃኒት ማጠሩን በይፋ አስታውቋል። እዚያ የብዙ ጎልማሳ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ሲጨምር በኮታ የሚመራው ምርት አልደረሰም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚያ እጥረቱ ታወጀ፣ ተመዘገበ፣ ተቆጠረ። እኛ ዘንድ እጥረቱ ስም እንኳ የለውም።

ሦስተኛው በር፤ መድን

የቀድሞ ተማሪዬ «መድን የለህም ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አገራዊ ክፍተትን ያሳያል። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የጤና መድን ታስቧል። አንዱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሲሆን የተዘጋጀው ለገበሬው፣ ለአርብቶ አደሩና በግሉ ለሚሠራው ቤተሰብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ጋምቤላ ከመጀመሪያዎቹ መካከል አልነበረችም። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። ይህ ለደመወዝተኛው የታሰበ ሲሆን ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ሲዘገይ ቆይቷል። እንግዲህ ደመወዝተኛው ወጣት ከአንደኛው መድን ውጭ ነው፤ ሁለተኛውም አልደረሰለትም።

የመድን አባል የሆነውስ? መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባበት ተቋም ነው። ተቋሙ መድኃኒቱ ከሌለው አባሉ ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ከኪሱም ይከፍላል። ስለዚህ ሁለተኛው በር ሲዘጋ ሦስተኛው ቢከፈትም ዋጋ የለውም። መድን ያለ መድኃኒት ደረሰኝ ብቻ ነው።

ወጪውም የክኒኑ ዋጋ ብቻ አይደለም። ወጣቱ በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ ሲመላለስ የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ይከፍላል፤ ከሥራ የቀረባቸው ቀናትም ይቆጠሩበታል። ቀጠሮ በመርሳት የሚቸገርን ሰው በሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ቀጠሮ ማስያዝ ሕመሙን በራሱ መቅጣት ነው።

ቅድሚያ ለማን?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ «ወባና የሚጥል በሽታ ባለበት አገር ስለ ትኩረት ማነስ ማውራት ቅንጦት አይሆንም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ሐቀኛ መሆን አለበት። መምረጥ ግድ ከሆነ የሚጥል በሽታና ከባድ የአእምሮ ሕመም መቅደም አለባቸው። አንድ ሰው ሜቲልፌኒዴት ሲያቋርጥ ምልክቶቹ ይመለሱበታል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥበት ግን ተከታታይና ሕይወትን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ይችላል።

ነገር ግን ፊኖባርቢታልም በ1971ዱ ስምምነት ሥር ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ሁለቱም በመዝገብ፣ በሁለት ወር ሪፖርትና በአንድ ሥርዓት ያልፋሉ። በአንዱ ላይ የሚታየው ስንጥቅ የሌላውም ነው። የትኩረት ችግር ያለበት ጎልማሳ ሥርዓቱ የት ጋ እንደሚያፈስ ያሳየናል፤ የምንጠግነውም ለሁሉም ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ «የለም» የተባለ ማዘዣ ሁሉ ይመዝገብ። በእያንዳንዱ መድኃኒት ቤት አንድ ደብተር፣ ሦስት ዓምድ፤ ቀን፣ የመድኃኒት ስም፣ መጠን። የበሽተኛው ስም አያስፈልግም። በዓመቱ መጨረሻ ይህ ደብተር የፍላጎት ማስረጃ ይሆናል። የፋርማሲ ተማሪዎቻችን በተግባር ልምምዳቸው ሊጀምሩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የረጋ በሽተኛ ክትትል ወደ ቅርብ ይምጣ። ምርመራውን የሥነ አእምሮ ሐኪም ካደረገ በኋላ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የክብደትና የእንቅልፍ ክትትሉን እዚህ ያለ የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሐኪሙ ጋር በስልክ እየተመካከረ ሊያካሂድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አነቃቂ ያልሆነና በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ አቶሞክሴቲን የተባለ አማራጭ መኖሩ ይታወቅ። ሥራው ዘገም ያለ ነው፤ ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ የቁጥጥሩ ሸክም ግን ቀላል ነው። ለየትኛው በሽተኛ እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አራተኛ፣ መድኃኒቱ እስኪገኝ ሰውየው ባዶ እጁን አይቅር። ሥራን በትንንሹ መከፋፈል፣ በጽሑፍ ማስታወስ፣ የእንቅልፍ ሰዓት መጠበቅና ጫት መተው ፈቃድም ምንዛሪም አይጠይቁም። አሠሪዎችም ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ የመድን ውል ሲዘጋጅ «መድኃኒቱ ከተቋሙ ከጠፋ ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ይመለስ።

በመጨረሻ፣ ያ ወጣት አሁንም በየሁለት ወሩ ይጓዛል። ባለፈው ሲሄድ «መምህር፣ ንግግርዎ ላይ ስሜን አይጥሩ፤ ግን እንዳለሁ ይንገሩልኝ» አለኝ። መልእክቱን አድርሻለሁ። አለ። እርሱን የሚቆጥር ደብተር መክፈት ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን ልቀበል።