ክኒን፣ ካፕሱልና የመድኃኒት መመጠጥ

የመድኃኒት መመጠጥ ማለት በአፍ የተዋጠ መድኃኒት፣ በአብዛኛው በትንሹ አንጀት ግድግዳ በኩል፣ ወደ ደም የሚገባበት ሂደት ነው። ለዚህም መድኃኒቱ አስቀድሞ በሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ መሟሟት አለበት። ስለዚህ ምን ያህሉና በምን ፍጥነት ደም ውስጥ እንደሚደርስ የሚወስነው ፈዋሹ ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን፣ አብረውት ያሉት ረዳት ንጥረ ነገሮችና ሽፋኑም ጭምር ናቸው።

ክኒን የሚሠራው ዱቄትን በማሽን በመጠቅጠቅ ነው። ከፈዋሹ ጋር እንደ ላክቶስ ያለ ማሟያ፣ ማያያዣ፣ ውሃ ሲነካው አብጦ ክኒኑን የሚበታትን ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም ዱቄቱ ማሽኑ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ማግኒዥየም ስቴረት ይገባሉ። ማግኒዥየም ስቴረት ውሃ የማያስገባ ቅባታማ ነገር በመሆኑ ሲበዛ መሟሟቱን ያዘገያል። በካፕሱል ውስጥ ያለው ዱቄት ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይጠቀጠቅም፤ የጀላቲን ቅርፊቱም በሆድ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይሟሟል። ሆኖም ካፕሱል ሁልጊዜ ከክኒን ይፈጥናል ማለት ስህተት ነው።

የማሟያው ኃይል በጉልህ የታየው በካፕሱል ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስዱ ሕመምተኞች መጠኑን ሳይጨምሩ የመመረዝ ምልክት ታየባቸው፤ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱ ጀመር። ምክንያቱ ሲጣራ የካፕሱሉ ማሟያ ከካልሲየም ሰልፌት ወደ ላክቶስ ተቀይሮ ተገኘ። የቀድሞው ማሟያ የመድኃኒቱን ከፊል እንዳይመጠጥ ይይዘው ነበር። ፌኒቶይን ደግሞ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው።

ስኳር ወይም ስስ ሽፋን በአብዛኛው ምሬትን ከመደበቅና ከእርጥበት ከመከላከል አያልፍም። አሲድ የሚቋቋም ሽፋን ግን በጨጓራ ሳይሟሟ አልፎ አንጀት ውስጥ ይሟሟል። በአስፕሪን ላይ የሚደረገው ጨጓራን ለመጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ያዘገየዋል። የልብ ድካም በድንገት ለያዘው ሰው ሽፋን የሌለው አስፕሪን እንዲያኝክ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። በኦሜፕራዞል ነገሩ ይገለበጣል፤ አሲድ የሚያበላሸው መድኃኒቱን ራሱን ነው። በካፕሱል ሲዘጋጅ ሽፋኑ የሚኖረው ብዙ ጊዜ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ላይ እንጂ በቅርፊቱ ላይ ስላልሆነ፣ ፍሬዎቹን ማኘክ ወይም መፍጨት መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ቀስ በቀስ የሚለቁ ክኒኖች የ12 ወይም የ24 ሰዓት መጠን በአንድ ላይ ይይዛሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው እንዲህ ያለ ኒፌዲፒን ቢፈጭ መጠኑ በአንድ ጊዜ ተለቆ ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል።