ፑሽሮድ ያረጀ ነው ያለው ማነው?

ከበደሌ ተነስቶ ያዮን አልፎ ወደ መቱ የሚሄድ ሰው የኢሉባቦሯን ሁሩሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ባለፈው የቡና ሰሞን ግን የተሳፈርኩበት መኪና ውኃ እያፈሰሰ አስቸገረና ግማሽ ቀን እዚያው አንድ መንገድ ዳር ጋራዥ ተቀምጬ ዋልኩ። መካኒኩ የአንድ ገልባጭ መኪና ሞተር ፈትቷል። ከውስጡ ያወጣቸውን ፑሽሮድ የሚባሉ 12 ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተራቸው እንዳይፋለስ በተበሳ ካርቶን ላይ ሰክቷቸዋል። አንድ በአንድ እያነሳ የመስኮት መስታወት ላይ ያንከባልላቸዋል። ቀጥ ያለው ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል፤ የጎበጠው ጠክ ጠክ እያለ ይነጥራል። ሁለቱ ጎብጠው ተገኙ።

አጠገቡ የቆመው ተለማማጅ ስልኩን አውጥቶ የአሜሪካውን ኮርቬት መኪና አሳየው። «ጋሼ፣ ይሄም በፑሽሮድ ነው የሚሠራው ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው» አለ መካኒኩ ከመስታወቱ ቀና ሳይል። «የአዲስ አበባ ላዳ ደግሞ ፑሽሮድ የለውም፤ ካሙ ከላይ ነው። እስቲ አሁን የትኛው ነው ያረጀው?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ሞተር እንዲተነፍስ ቫልቭ መከፈትና መዘጋት አለበት። ይህን የሚያደርገው ካምሻፍት፣ ባጭሩ ካም ነው፤ እንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ። ጥያቄው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በፑሽሮድ ሞተር ካሙ ታች፣ ክራንክ ሻፍቱ አጠገብ ይውላል። ጉብታው ታፔቱን ያነሳል፤ ታፔቱ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ደግሞ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ያለውን ሮከር ይገፋል፤ ሮከሩ እንደ ሚዛን ተዘንብሎ በሌላ ጫፉ ቫልቩን ይጫናል። በሌላኛው ዓይነት ካሙ ራሱ ቴስታታው ላይ ይወጣና ቫልቩን ከቅርብ ይጫናል። መሐል የነበረው ተላላኪ ይቀራል።

ተላላኪ መብዛቱ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲፈጥን ነው። ክራንክ ሻፍት ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል፤ ስለዚህ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። ያን ሁሉ ብረት ወደ ላይ መግፋቱ ለካሙ ቀላል ነው። ከባዱ መመለሱ ነው፤ የሚመልሰው ሞላ ብቻ ነውና። ፍጥነቱ ከሞላው አቅም ካለፈ ቫልቩ በሰዓቱ አይዘጋም፤ ጉልበት ይወርዳል፣ ሲብስም ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ይህን የሰማ ሰው ካሙ ከላይ ያለው አዲስ፣ ከታች ያለው አሮጌ ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን ፔጆ እ.ኤ.አ. በ1912 የሠራው የውድድር መኪና ቴስታታው ላይ ሁለት ካም፣ በየሲሊንደሩም አራት ቫልቭ ነበረው። ላዳስ ብትሆን? የመጀመሪያዋ ላዳ የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት። ፊያቱ በፑሽሮድ ነበር የሚሠራው፤ ካሙ ወደ ላይ ይውጣ ያሉት ሶቪየቶቹ ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዓመት አዲስ አበባን ያመላለሰችው ታክሲ በዚህ ብቻ ከተለካች ከኮርቬት ትበልጣለች ማለት ነው።

ሁለቱን ለማወዳደር ደግሞ ከራሱ ከኮርቬት የተሻለ የለም፤ ዛሬ አንዱ መኪና በሁለቱም ዓይነት ሞተር ይሠራል። ስቲንግሬይ የሚባለው 6.2 ሊትር ቪ8 ነው፤ በፑሽሮድ በደቂቃ 6,450 ዙር ላይ 490 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በ2023 ሞዴል የመጣው ዚኦሲክስ 5.5 ሊትር ብቻ ሆኖ፣ አራት ካም ተሸክሞ፣ 8,400 ዙር ላይ 670 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 70 ጊዜ ይከፈታል። ቶርካቸውን፣ ማለትም የማዞር ግፊታቸውን ስናይ ግን የስቲንግሬዩ 630፣ የዚኦሲክሱ 624 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ሁለት ወዛደሮች አንድ ዓይነት የቡና ጆንያ እየተሸከሙ፣ አንዱ በሰዓት ብዙ ጊዜ ቢመላለስ የሚሆነው ይኸው ነው። ስቲንግሬዩ ከፍተኛ ቶርኩን 5,150 ዙር ላይ ሲያገኝ ሌላው እስከ 6,300 መጮህ አለበት።

ታዲያ ሁሉም ካሙን ለምን ወደ ላይ አያወጣም? ቦታ ስለሚፈጅ ነው። በፑሽሮድ ቪ8 አንዱ ካም በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሐል ይወሸቃል፤ ቴስታታው አጭርና ቀላል ይሆናል። አራት ካም ሲሆን ቴስታታው ይሰፋል፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዋጋውም አብሮት። የኮርቬት ሠሪው ጀነራል ሞተርስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ የኮርቬት ዓይነት ሞክሮታል። የእንግሊዙ ሎተስ የነደፈውን ባለ አራት ካም ሞተር የሚገጣጥምለት የጀልባ ሞተር ሠሪው መርከሪ ማሪን ነበር። ሲወጣ 375 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1995 ቆመ። በ1997 የመጣው አዲሱ ኮርቬት በፑሽሮድ ብቻ የሚሠራ ሆነ። የ2006ቱ ዚኦሲክስ ደግሞ 7 ሊትር ፑሽሮድ ሆኖ፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ በቲታኒየም ተሠርተው፣ እስከ 7,000 ዙር ይወጣ ነበር። ሞላው የሚመልሰውን ሸክም ማቅለል ማለት ይኼ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የእ.ኤ.አ. 1994ቱ የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ነው። ደንብ አውጪዎቹ ለፑሽሮድ ሞተር አዝነው ትልቅ ሲሊንደርና ከፍ ያለ የቱርቦ ግፊት ፈቀዱለት። የፔንስኬ ቡድን ከሞተር ሠሪው ኢልሞር ጋር ሆኖ ለዚያ አንድ ውድድር ብቻ የሚሆን ፑሽሮድ ሞተር በድብቅ ሠራ፤ መርሰዲስ ስሙን ሰጠው። አል አንሰር ጁኒየር ነድቶ አሸነፈ። ደንቡም ወዲያው ተቀየረ።

በኢሉባቦር መንገድ መለኪያው ሌላ ነው። በቻይናው የጭነት መኪና ሲኖትራክ ላይ የሚገኘው ደብልዩዲ 615 ሞተር ከ2,200 ዙር ብዙም አያልፍም። በዚህ ፍጥነት ፑሽሮድ ሸክም አይደለም። ስድስቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቴስታታ ስላላቸው አንዱ ሲበላሽ አንዱን መፍታት ይበቃል። ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ሳይክል ዘይት መቀየር ለሚረሳና ጭነት ለሚያበዛ ተጠቃሚ ሲነድፍ የመረጠው ፑሽሮድ ነው፤ ቻይናዎቹም እሱን ቀድተው ዓለምን ሞሉት። ቶዮታ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1990 በላንድክሩዘሩ የፑሽሮድ ናፍጣ ሞተር ፋንታ ዋን ኤች ዜድን አመጣ። ካሙ ከላይ ነው፤ የሚያዞረው ደግሞ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ያለበት ቺንጋ ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቭ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ቫልቭ ደግሞ መስታወት ላይ ተንከባሎ፣ ተለይቶ፣ በርካሽ ተተክቶ አያልቅም።

አመሻሹ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ ጋራዡ ገባ። መካኒኩ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠየቀ።

«መቶ ሺህ አልሞላም መሰለኝ» አለ ሹፌሩ።

መካኒኩ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየ። ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስገዛውም እንዲሁ ነበር።»