ከሳንቲሙ የሸሸው ብር

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1792 ባወጣው የገንዘብ ሕግ ውስጥ አንድ ከባድ አንቀጽ አለ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ሹም ወይም ሠራተኛ ለግል ጥቅሙ ብሎ ከሳንቲም ላይ ወርቅ ወይም ብር ቢያጎድል ቅጣቱ ሞት ነው ይላል። ሕግ አውጪዎቹ እንዲህ የጨከኑት ያለ ነገር አይደለም። በነጻነቱ ጦርነት ዘመን የታተመው የወረቀት ገንዘብ ዋጋ አጥቶ በሕዝቡ እጅ ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያምነው ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚመዘነውን ብቻ ነበር። ከ61 ዓመት በኋላ ግን ከሳንቲሙ ላይ ብር የቀነሰው ኮንግረሱ ራሱ ነው። ትክክልም አደረገ።

በዚያ በመጀመሪያው ሕግ አንድ ዶላር 24 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር እንዲይዝ ተወሰነ። ልኩ የተወሰደው አገሬው ሲገበያይበት ከኖረው ከስፔኑ ዶላር ነው። በሜክሲኮና በደቡብ አሜሪካ ብር የሚመታው ይህ የባዕድ ገንዘብ፣ ጠገራ ብር በእኛ ገበያ እንደነበረው ሁሉ፣ በአሜሪካ እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። ፊላደልፊያ ላይ የተቋቋመው ማተሚያ ቤት የመጀመሪያዎቹን የብር ዶላሮች በ1794 አወጣ፤ 1,758 ብቻ ነበሩ።

ችግሩ ወዲያው መጣ። አዲሱ ዶላር ከስፔኑ በጥቂቱ ይቀላል፤ በካሪቢያን ደሴቶች ግን ሁለቱ አንድ ለአንድ ይመነዘሩ ነበር። ነጋዴው የአሜሪካውን ይዞ ይሄዳል፣ ከባዱን የስፔን ዶላር ይዞ ይመለሳል፣ ለማተሚያ ቤቱ ሰጥቶ በአዲስ ዶላር ያስመታዋል፣ ትርፉን ይዞ እንደገና ይሄዳል። ማተሚያ ቤቱ ለአገሩ ገበያ የማይቀር ገንዘብ ሲመታ ይውላል ማለት ነው። በ1804 የብር ዶላር መመታቱ ቆመ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም ሳይመታ ቆየ።

የወርቁም ነገር ያው ነበር። ሕጉ አንድ እጅ ወርቅ በ15 እጅ ብር ይመንዘር ብሎ ነበር። አውሮፓ ለወርቁ ከዚያ የተሻለ ስለሚከፍል ወርቁ ሸሸ። በ1834 ምጣኔው ወደ 16 ሲጠጋ ደግሞ በተራው ብሩ መሸሽ ጀመረ። የ1848ቱ የካሊፎርኒያ ወርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብር ይብስ ተወደደ። ሁለት የግማሽ ዶላር ሳንቲሞች ሲቀልጡ ከአንድ ዶላር በላይ ያወጡ ስለነበር ደላላው ሰብስቦ ወደ ውጭ ላካቸው። የተጎዳው ባንኩ አልነበረም፤ ዳቦ የሚገዛው፣ የቀን ደመወዙን የሚቀበለውና መልስ የሚያጣው ሰው ነበር።

በየካቲት 1853 የወጣው ሕግ ብዙ የታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ የነገሩ ሁሉ መታጠፊያ እሱ ነው እላለሁ። የግማሽ ዶላሩ ክብደት ከ13.36 ግራም ወደ 12.44 ወረደ፤ ሌሎቹም ዝርዝሮች በዚያው ልክ ቀለሉ። ሳንቲሙ ሲቀልጥ ከተጻፈበት ዋጋ ያነሰ ስለሚያወጣ ማንም አያቀልጠውም። ሕዝቡ እንዲለየውም በዓመተ ምሕረቱ ግራና ቀኝ የቀስት ጫፍ ተቀረጸበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሜሪካ ዝርዝር ገንዘብ ዋጋው ከብሩ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ቃልም የሚመጣ ሆነ። በ1965 ከአብዛኛው ዝርዝር ብር መውጣቱ የዚሁ ውሳኔ መጨረሻ ነው።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ይህም አላዳነም። በ1862 ሕዝቡ የወርቁንም የብሩንም የመዳቡንም ሳንቲም ደበቀ፤ ገበያተኛው በፖስታ ቴምብር እስከ መገበያየት ደረሰ። ርካሽ ማዕድን በሳንቲም ውስጥ ቦታውን ያሰፋው በዚህ በር ነው። በ1864 አንድ ሳንቲም ከነሐስ ተሠራ፤ በ1866 ደግሞ 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነው ባለ አምስት ሳንቲም ወጣ። የፔንሲልቫኒያው ባለሀብት ጆሴፍ ዋርተን የኒኬል ማዕድን ባለቤት ነበርና ለዚህ ምርጫ አጥብቆ ተከራክሯል።

በ1873 የወጣ ሌላ ሕግ የብር ዶላሩን ከሳንቲሞች ዝርዝር አወጣው። ያኔ በዶላሩ ውስጥ ያለው ብር ከአንድ ዶላር ትንሽ ስለሚበልጥ ወስዶ የሚያስመታ አልነበረም፤ ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ኔቫዳ ውስጥ ብር ሲትረፈረፍና ጀርመን ወደ ወርቅ ስትዞር ግን የብር ዋጋ ወደቀ። ባለ ዕዳው ገበሬና ባለ ማዕድኑ ሕጉን ‘የ73ቱ ወንጀል’ አሉት። ኮንግረሱ በ1878 መንግሥት በየወሩ ቢያንስ የሁለት ሚሊዮን ዶላር ብር ገዝቶ እንዲያስመታ አዘዘ፤ በቀራጩ በጆርጅ ሞርጋን ስም የሚጠራው ዶላር የዚህ ትእዛዝ ልጅ ነው። በ1896 ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ብር ያለ ገደብ ይመታ ብሎ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረና በማኪንሊ ተሸነፈ። አብዛኛው የሞርጋን ዶላር ግን ለገበያ አልዋለም፤ በግምጃ ቤት ተከምሮ ኖረ። በ1918 ከዚህ ክምር ከ270 ሚሊዮን በላይ ቀልጦ አብዛኛው ለሕንድ ገበያ እንዲውል ለእንግሊዝ ተሸጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዳብና ኒኬል ለጥይትና ለታንክ ጋሻ ተፈለጉ። የ1943ቱ አንድ ሳንቲም ዚንክ ከተቀባ ብረት ተሠራ፤ ሰው ከዳይም (ከባለ አሥር ሳንቲሙ) ጋር እያምታታው፣ ዝገትም እየበላው በዓመቱ ቀረ። ባለ አምስት ሳንቲሙ 35 በመቶ ብር ሆነ፤ ርካሹ ማዕድን ከብር የበለጠበት ዘመን መሆኑ ነው። ኦክ ሪጅ ላይ ዩራኒየም ለሚያበለጽጉት ማግኔቶች መጠምጠሚያ መዳብ ሲጠፋም ግምጃ ቤቱ 14,700 ቶን ገደማ ብር አበደረ። በዚሁ ጊዜ ከአሜሪካ ብር የተወሰነው ወደ ኢትዮጵያ መጥቷል። 1936 ዓ.ም. (ይህ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው) የተጻፈበት የእኛ የሃምሳ ሳንቲም ብር በፊላደልፊያ የተመታ ነው፤ 30 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከ5.4 ሚሊዮን አውንስ ያላነሰው ብሩ የተገኘው አሜሪካ ለጦር አጋሮቿ በከፈተችው የብድር መርሐ ግብር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ፎቶ ፊልምና የኤሌክትሪክ ሥራ ብር ይበሉ ጀመር። ዋጋው በአውንስ 1 ዶላር ከ29 ሲደርስ የብር ዶላሩ ዋጋ ከያዘው ብር ዋጋ ጋር እኩል ሆነ። ዳይሙና ኳርተሩ (ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሙ) የሚደረስባቸው 1 ዶላር ከ38 ላይ ነበር፤ ያቺን ዘጠኝ ሳንቲም ያህል ትንፋሽ የሰጣቸው የ1853ቱ ቅነሳ ነው። ሕዝቡ ግን አልጠበቀም። በ1964 የኬኔዲ ምስል ያለበት ግማሽ ዶላር እንደወጣ ለማስታወሻም ለሀብትም ተብሎ በየቤቱ ገባ። በሐምሌ 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ዳይምና ኳርተር ከብር ነጻ ሆኑ፤ መሐሉ መዳብ፣ ሁለቱ ፊቶች መዳብና ኒኬል። ይህ ንብርብር የተመረጠው የሸቀጥ መሸጫ ማሽኖች ሳንቲምን በኤሌክትሪክ ባሕርዩ ስለሚለዩና አዲሱ ከብሩ ጋር ስለሚቀራረብላቸው ነው። ግማሽ ዶላሩ 40 በመቶ ብር ይዞ እስከ 1970 ዘለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሩጫው ከመዳብና ከዚንክ ጋር ሆኗል። መዳብ ሲወደድ በ1982 አንድ ሳንቲሙ መዳብ የተቀባ ዚንክ ሆነ። በ2006 መንግሥት አንድና አምስት ሳንቲምን ማቅለጥ ከለከለ። በ2024 የበጀት ዓመት አንድ ሳንቲም ለመሥራት 3.69 ሳንቲም ይፈጅ ስለነበር በኅዳር 2025 ለገበያ የሚውለው የመጨረሻው በፊላደልፊያ ተመታ። በዚያው የ2024 ሒሳብ 13.78 ሳንቲም የወጣበት ባለ አምስት ሳንቲሙ ግን፣ ከጦርነቱ ዓመታት በቀር ከ1866 ጀምሮ ባልተለወጠ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ፣ አሁንም ይመታል።